«የቤተ መንግሥት ስልክ ነው» ካሏችሁ መጀመሪያ ገልብጡት

አስራ ስምንት ሺህ ብር የበላኝ ልጅ ሲያዩት ክፉ አይመስልም። ሻይ ጋብዞኛል። ወንበር ስቦልኛል። «ጋሼ አይቸኩሉ፣ በደንብ ይዩት» ብሎኛል። በደንብ ያላየሁት እኔ ነኝ።

የማወራው ጣት ከትተን ስለምናዞረው ባለዲስክ ስልክ ነው። ሰሞኑን ፈላጊው በዝቷል። ካፌው ለጌጥ ይፈልገዋል፣ ፎቶ ቤቱ ይፈልገዋል፣ እንደኔ ትዝታ የያዘው ሰውም ይፈልገዋል። ሻጮቹ ይሄን ነቅተውበታል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የኔን ጉድ ስሙ።

እኛ ቤት ስልኩ ሳሎን ጥግ ላይ፣ እማዬ የሰራችው ዳንቴል ለብሶ ነበር የሚቀመጠው። ቁጥሩ ስድስት ነው፤ ያኔ የአዲስ አበባ ስልክ ሁሉ ባለስድስት ቁጥር ነበር። አባዬ ቢል እንዳይበዛበት ዲስኩ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ጓጉንቸር ይቆልፋል። እኛ ደግሞ መላ አለን። ቀፎው የሚያርፍበትን ጉጠት በጣት ፈጠን ፈጠን አድርጎ መምታት። ለሦስት ሦስት ጊዜ፣ ለዜሮ አስር ጊዜ። በአንዱ ቁጥርና በሌላው መሃል ትንሽ ትንፋሽ ይወሰዳል። ታላቅ ወንድሜ በዚህ የተካነ ነበር። ጓጉንቸሩ ሳይነካ ሌላ ሰፈር ያለች ልጅ ጋ ይደውላል። ቢል ሲመጣ አባዬ ጓጉንቸሩን እያገላበጠ ያየዋል፣ እኛ መሬት መሬት እናያለን። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ሱቁ ከፒያሳ ወደ ፖስታ ቤት ሲወረድ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው። ስሙን አልጠራም። በዚያ መስመር ሐቀኛ ነጋዴም ስላለ በአንዱ ጥፋት ሁሉንም ማማት አልፈልግም። መደርደሪያው ላይ ሦስት ስልክ ተደርድሯል፦ ጥቁር፣ አረንጓዴና ክሬም። ጥቁሩ ያብረቀርቃል። ፊቱ ላይ አውራ ጣት የምታክል የአንበሳ ምልክት አለችበት። ልጁ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ይሄ ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው። ኦርጅናል ባክላይት፣ ኤሪክሰን። ከምኒልክ ጀምሮ የነበረ ዕቃ ነው» አለኝ። ባክላይት ማለት የድሮ ስልክ ገላ የሚሰራበት ከባድና ጠንካራ ነገር ነው፣ ኤሪክሰን ደግሞ የስዊድን ስልክ ሰሪ ድርጅት። ከዚያ ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰካና በሞባይሉ ደወለ። ክርርርር አለ። እኔም አለቀልኝ። እማዬ ከጓዳ «ስልኩን አንሱት!» ስትል የሰማሁ መሰለኝ። ሃያ ሺህ ያለውን አስራ ስምንት አስገብቼ፣ በሞባይል ባንክ አስተላልፌ፣ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ደረሰኝ? ትዝም አላለኝ።

ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ወሬው ብቻ ያነቃኝ ነበር። ስልክ ወደ አገራችን በምኒልክ ዘመን መግባቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. 1894 ተብሎ የሚጠቀሰው ዓመት ነው፤ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመርም የዚያ ዘመን ስራ ነው። ነገር ግን የያኔው ስልክ ዲስክ የለውም። እጀታውን ታሽከረክራላችሁ፣ መሃል ያለው ሰው ያነሳል፣ እገሌን አገናኘኝ ትላላችሁ። ዲስክ የሚያስፈልገው ያለ ሰው እጅ መስመር የሚያገናኝ አውቶማቲክ ማዞሪያ ሲመጣ ነው። ያ ዝነኛ የኤሪክሰን ባክላይት ስልክ ደግሞ ኖርዌያዊው ሰዓሊ ዢን ሄይበርግ ቅርጹን ያወጣለት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1930ዎቹ መጀመሪያ ዕቃ ነው። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው። ሒሳቡን ራሳችሁ ስሩት። ደግሞስ የእውነት ከቤተ መንግሥት ከወጣ፣ በማን ፈቃድ ወጣ? ቅርስ ከሆነ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ምን ይሰራል? የአንበሳዋን ምልክት ቤት ሄጄ በጥፍሬ ስጎረጉራት ተላቀቀች። ከስሯ ማስቲሽ።

ቤት ስገባ የፋይበሩ ራውተር ጀርባ ያለው የስልክ መሰኪያ ላይ ሰካሁት። ዱ… የሚለው ድምጽ መጣ። ደስ አለኝ። እህቴ ጋ ልደውል ዲስኩን አዞርኩ። ዱ… ይላል። ደገምኩ። አሁንም ዱ… ይላል። ሰባቱንም ቁጥር ጨርሼ ያው ዱ… ነው። ልጄ ከሶፋው ላይ «አባ፣ ሞባይል ልስጥህ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ዲስክ ተመልሶ ሲዞር መስመሩን ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል። በሰከንድ አስር ጊዜ ገደማ። ሦስትን ስታዞሩ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል፣ ዜሮን ስታዞሩ አስር ጊዜ፣ ለዚህ ነው ዜሮ አንድ ሙሉ ሰከንድ የሚፈጅባት። ወንድሜ በጉጠቱ ሲመታ የነበረውም ይሄንኑ ነው፤ ዲስኩ በሚያደርገው ፈንታ እሱ በጣቱ ይቆርጣል። የድሮው ማዞሪያ እነዚህን ቁርጥራጮች ይቆጥራል። ባለቁልፍ ስልክ ግን አይቆርጥም፣ ለያንዳንዱ ቁልፍ የተለየ ቲት የሚል ድምጽ ይልካል። ዛሬ ቤታችን ያለው ራውተር የሚሰማው በአብዛኛው ያንን ቲት ነው። ብዙዎቹ ቁርጥራጭ አይቆጥሩም። ጥሪ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ለመቀበል ዲስክ አያስፈልግም።

ገባችሁ? ሱቅ ውስጥ ያሳየኝ ስልኩ ሲጮህ ብቻ ነው። ሲደውል አላሳየኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ሲጮህ የሰማ ሰው «ይሰራል» ይላል። ዘዴያቸው እዚች ላይ ናት።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «አንተ አትደውልልኝ፣ እኔ ከዚህ ልደውል» በሉ። በራሳችሁ እጅ አዙሩና ሞባይላችሁን አስጩሁት። ከዚያ በፊት ግን የቤታችሁን መስመር ፈትኑ። ለዚህ የድሮ ስልክ አያስፈልግም፤ ማንኛውንም ባለገመድ የቤት ስልክ አንሱና ያቺን የልጅነት ዘዴ ተጠቀሙ። ጉጠቱን አምስት ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ምቱ። ዱ… የሚለው ድምጽ ከቆመ መስመራችሁ ይቆጥራል ማለት ነው። ጣት እንደ ዲስክ እኩል ስለማይመታ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩት። ምንም ካልመሰለው ምንም ዓይነት ባለዲስክ ስልክ ብትገዙ በቀጥታ አትደውሉበትም፣ ኦርጅናልም ይሁን ፎርጂድ።

የኔው ጣጣ ግን በዚህ አላበቃም። የጓደኛዬ አባት ቴሌ ሰርተው ጡረታ የወጡ ቴክኒሻን ናቸው። ወሰድኩላቸው። ገና ሲያነሱት ፊታቸው ተለወጠ። ቀፎውን በአንድ እጅ፣ ገላውን በሌላው ይዘው መዘኑት። «ቀፎው ላባ ነው፣ ሆዱ ድንጋይ ነው» አሉ። ካቻቢቴ አምጥተው ከስር ያሉትን ብሎኖች ፈቱ። ብሎኖቹ አዲስ ናቸው፣ ገና ያንጸባርቃሉ። ክዳኑ ሲነሳ እኔም አየሁ። ወለሉ ላይ በማስቲሽ የተጣበቀ የብረት ቁራጭ አለ፣ እንዲከብድ። ከጎኑ የክብሪት ቀፎ የምታህል አረንጓዴ ቦርድ። ከእሷ በቀጭን ሽቦ የተያያዘች የአሻንጉሊት ስፒከር። ያ ልቤን የሰረቀው ክርርርር የመጣው ከዚያች ነው። የእውነተኛው ስልክ ሆድ ውስጥ ሁለት የብረት ደወል፣ መሃላቸው መዶሻ፣ ከስራቸው የመዳብ ጥቅል መኖር ነበረበት። ዲስኩ ብቻ የድሮ ነው። ገላው ከአንዱ፣ ቀፎው ከሌላው፣ ዲስኩ ከሦስተኛው የተለቃቀመ። ሰውዬው ክዳኑን መለሱና «ልጄ፣ ይሄ ስልክ አይደለም፣ የስልክ ልብስ ነው» አሉኝ።

ጥጥ ላይ አልኮል ነክተው ጎኑን ሲያሹት ጥጡ ጠቆረ። ቀለም ነዋ። ከስር የወጣው ግራጫ ፕላስቲክ ነው።

እንግዲህ ከሳቸው የተማርኩት። ባክላይት ይከብዳል፣ ሲነካ ቀዝቀዝ ይላል፣ ቢወድቅ ይሰበራል እንጂ አይጎደጉድም። በአውራ ጣታችሁ አጥብቃችሁ እስኪሞቅ ብታሹት ሆስፒታል ሆስፒታል የሚል፣ አፍንጫ የሚነካ ሽታ ይሰጣል። አንዳንዱ ሰው መርፌ አግሎ ይወጋዋል፤ ኧረ ተዉ፣ ኦርጅናል ከሆነ አበላሻችሁት፣ ሻጩም ያስከፍላችኋል። ቀለሙም ይናገራል። ባክላይት በጠባዩ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡኒ ነው። ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ «ባክላይት» ካሏችሁ ወይ ቀለም የተቀባ ነው ወይ ተራ ፕላስቲክ። ፕላስቲክ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም፤ ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ ወዲህ የተሰሩ ጥሩ ጥሩ የፕላስቲክ ስልኮች አሉ። ነውሩ ፕላስቲኩን በባክላይት ዋጋ መሸጡ ነው።

ስልኩን ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። የእውነት ደወል ያለው ትንሽ ኪል ይላል፣ ዝም ካለ ጠርጥሩ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቁልፍ የተደበቀበትም አለ፣ ዲስክ መስሎ በጣት የሚጫኑት፤ እሱ አዲስ የጌጥ ዕቃ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻጩን «ከስር ልፍታው» በሉት። ጥቂት ብሎን ነው። እምቢ ካለ ወሬው አለቀ።

አንድ የሚያበሽቀኝ ነገር አለ። የኔ ስልክ ዲስክ መሃል ካርድ ነበረው ብያለሁ? ነበረው። ወረቀቱ ሻይ ተነክሮ ቢጫ ሆኗል፣ ጽሁፉ በብዕር ነው፣ አሮጌ ይመስላል። ቁጥሩ ግን ሰባት ነው። የአዲስ አበባ ቁጥር ከስድስት ወደ ሰባት የዞረው በ1998 ዓ.ም. ነው! የጃንሆይ ስልክ በ1998 ቁጥር። ይሄን ሳላይ ቀረሁ። አባዬ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር።

ተመልሼ ሄድኩ እንጂ። ልጁ አሁንም ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጌጥ ነው፣ ለመደወያማ ሞባይል አለዎት» አለኝ። ሲሸጥልኝ ይሰራል ብሎኝ አልነበር? «ጮኸ አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጮኋል። ደረሰኝ አለዎት ወይ ሲለኝ አፌን ያዝኩ። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006 ይላል፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ ወጥቼ በእጄ ያለው የባንክ መልዕክት ብቻ ነው፣ እሱም የተላከው በሌላ ሰው ስም ነው። በመጨረሻ «ለእርስዎ ስል በዘጠኝ ሺህ ልመልሰው» አለኝ። በግማሽ ዋጋ! ነገ ለሌላው በሃያ ሊሸጠው። እምቢ ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ቴሌግራም ላይ ለምትገዙ ደግሞ አንድ ቃል፦ ቀብድ አትላኩ። የላኩላችሁ ፎቶ የሌላ አገር ስልክ ሊሆን ይችላል። ሆዱ ተከፍቶ፣ የዛሬ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ ተቀምጦ ፎቶ እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ። ደህና ሻጭ በዚህ አይከፋውም።

የእውነተኛውን ካገኛችሁ ግን ደስ ይላል፣ ተስፋ አትቁረጡ። መስመራችሁ ካልቆጠረ ቁርጡን ወደ ቲት የሚቀይር ትንሽ መሳሪያ አለ። በብሉቱዝ የድሮውን ስልክ ከሞባይል ጋር የሚያገናኝም አለ፣ ዲስክ ይቀበል እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። የባንኩ ማሽን «ለአማርኛ አንድን ይጫኑ» ሲላችሁ ያለዚህ መቀየሪያ ዲስክ ብታዞሩ አይሰማችሁም። ከባዱ የድሮ ደወል በአንዳንድ ራውተር አቅም በደንብ ላይጮህም ይችላል። ስትፈቱት ደግሞ መጀመሪያ ከመስመሩ ንቀሉት። እጃችሁ ሽቦው ላይ እያለ ጥሪ ከመጣ መስመሩ ላይ 75 ቮልት አካባቢና ከዚያም በላይ ይመጣል፣ ሰውነታችሁን ነዘር ያደርጋችኋል።

የኔው አሁን ሳሎን ጥግ ላይ ነው። ዳንቴል አልብሼዋለሁ። ልጄ ከሞባይሏ እየደወለች ታስጮኸዋለች፣ እናቷ ትቆጣለች።

ትናንት በዚያ ሱቅ በኩል አለፍኩ። አረንጓዴው አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው፣ የአንበሳ ምልክት ተለጥፎበታል። ክሬሙ ግን የለም።