የሚረጭ ቡሽ በቆርቆሮ ጣሪያና በሚኒባስ ላይ፦ የአሥር ወር ልምዴ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ አዘዞ የሚገኘውን ኮርኒስ የሌለውን ቤቴን ጣሪያ ከውስጥ በኩል፣ እንዲሁም ከጎንደር ደባርቅ የምትሠራውን ሚኒባሴን ጣሪያና በሮች የሚረጭ ቡሽ አስለብሻለሁ። እኛ ዘንድ ቡሽ ሲባል የጠርሙስ መክደኛ ብቻ ስለሚታሰብ ብዙዎች ምንነቱን ይጠይቁኛል። ቡሽ በፖርቱጋልና በሌሎች የሜዲትራኒያን አገሮች የሚበቅል፣ የኦክ ዝርያ የሆነ ዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ ዛፉ ሳይቆረጥ በየ9 ዓመቱ ይላጣል። ተፈጭቶ በሙጫ ከተለወሰ በኋላ በኮምፕሬሰር ይረጫል፤ የእኔ በሁለት ዙር ተረጭቶ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይዟል።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት በጥር ማለዳዎች ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮ ከቤቱ አየር ይልቅ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ፣ የተኛ ሰው ትንፋሽና የማታው ቡና እንፋሎት ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እናቴ በዚህ ምክንያት ለዓመታት ብርድ ልብሷ ላይ ላስቲክ ደርባ ስትተኛ ኖራለች። ቡሹ ከተረጨ ወዲህ ማለዳ ወንበር ላይ ወጥቼ ጣሪያውን በመዳፌ ስዳብስ ሻካራና ደረቅ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ እናቴም ላስቲኩን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። በሐምሌ ዶፍ ዝናብ ሲወርድ የቆርቆሮው ጩኸት ወደ ደብዛዛ ድምፅ ስለተለወጠ፣ ድምፃችንን ከፍ ሳናደርግ መነጋገር ችለናል።

ሙቀትን በተመለከተ ግን ሻጮች ከሚናገሩት ያነሰ ነው ያገኘሁት። በሚያዝያ ቀትር በተረጨው ክፍልና ባልተረጨው ዕቃ ቤት ቴርሞሜትር ሰቅዬ ሳነጻጽር ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ አላለፈም። ምክንያቱ ውፍረቱ ነው፤ ቡሽ ሙቀት የሚከላከለው በጥቃቅን ክፍሎቹ ውስጥ በታሸገው አየር ስለሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ልባስ የ5 ሴንቲ ሜትር የቡሽ ሰሌዳን ሥራ ከ17 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሙጫው ደግሞ ከዚያም ይቀንሰዋል። ሙቀት ብቻ የሚያስጨንቀው ሰው ገንዘቡን በኮርኒስና በወፍራም ሰሌዳ ላይ ቢያውል ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ወጥ ቤቱን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ልባሱ ሻካራ በመሆኑ ጥቀርሻ ከያዘ በጨርቅ ተወልውሎ አይጠራም።

ሚኒባሷ የደባርቅን ብርድ ይዛ ስታድር ጠዋት ጣሪያዋ ያንጠባጥብ የነበረው ቆሟል፤ የበሮቹ ንዝረትም ቀንሷል። ይሁንና በሦስተኛው ወር ከኋላው በር በታች መዳፍ የሚያህል ቦታ ተላጠ። ልባሱን ሳነሣው ከሥሩ የግራሶ ቅባት አገኘሁ፤ የረጨው ባለሙያ ብረቱን በሚገባ ሳያጸዳ ቸኩሎ ነበር። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ በቤንዚን አጥቤ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ከቀባሁት በኋላ በድጋሚ አስረጨሁት፤ ክረምቱን በሙሉ በጭቃ ውስጥ ሲመላለስ ከርሞ እስከ ዛሬ አልተነሣም።