ጅቡቲ ላይ ዕቃዬን ያወጣልኝ ትራንዚተር፦ ሥራው አሪፍ፣ ሒሳቡ ግን...

ለዳቦ ቤቴ ማቡኪያና ኦቨን ከቻይና ሳስመጣ ጅቡቲ ላይ ማን እንደጨረሰልኝ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየጠየቀኝ ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው። ለገሃር አካባቢ ያለ አንድ ትራንዚት ቢሮ ነው። ወቀሳም ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

ሥራቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሯሯጥላቸው ልጅ አለ። ኮንቴይነሩ ከመርከብ እንደወረደ የእሽጉን ቁጥር ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ፤ መኪናው ጋላፊን ሲያልፍ፣ ሚሌ ጉምሩክ ሲደርስ፣ አዋሽ ሲገባ ሳልጠይቅ ነው የሚደውሉልኝ።

ወቀሳዬ ፕሮፎርማው ላይ ነው። «ልዩ ልዩ ወጪ» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ የወደብ ኪራዩም፣ የማውረጃና የመጫኛውም እዚያች ውስጥ ተጨፍልቋል። ዘርዝሩልኝ ስል ዘረዘሩ፣ ግን ለምን እስክጠይቅ? ደግሞ ጅቡቲ ላይ በብር አይከፈልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረባቸው።

በእነሱ የማይፈረድባቸውም አለ። የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መምታት ሲጀምሩ ብዙዎቹ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ፣ የጭነት ዋጋም ተሰቀለ። የወጪ ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። እዚያች ትንሽ አገር ውስጥ ደግሞ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ቻይና የጦር ሰፈር ተክለዋል፤ የጅቡቲ መንግሥት ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የዱባዩን የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድን ከዶራሌ ኮንቴይነር ወደብ አስወጥቶታል፣ ክሱም ዓመታት ፈጀ። ትልቁ ደንበኛ እኛ ነን፣ ግን አንድ ሱቅ ብቻ ባለበት ሰፈር ዋጋ የሚቆርጠው ባለሱቁ ነው።

ለዚህ ነው የሶማሌላንዱ ወደብ የበርበራ ወሬ ሲነሳ ነጋዴው ጆሮውን የሚያቆመው። ታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ በዓመቱ ቱርክ አንካራ ላይ አስታረቀች። በመሃል ነሐሴ ላይ ጅቡቲ ራሷ የታጁራን ወደብ እንካችሁ አለች። ፉክክሩ ሲመጣ እንዴት እንደለሰለሰች አያችሁ? እኔም ትራንዚተሬን ለምን በበርበራ አናመጣም ብዬው ነበር። ወደቡ እንደታደሰ፣ መንገዱም እስከ ድንበራችን ቶጎ ውጫሌ እንደተሠራ ያውቃል። ግን ከቻይና የሚመጣው መርከብ በብዛት የሚቆመው ጅቡቲ ስለሆነ ለአንድ ኮንቴይነር ብሎ ደንበኛ ማስጠበቅ አይፈልግም። አሳማኝ ነው።

ቀጣዩንም ዕቃ ለእነሱ ነው የምሰጠው። እናንተ ግን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ልዩ ልዩ»ዋን በጽሑፍ አስዘርዝሩ፤ ዕቃው ወደብ ላይ ቢቆይ ኪራዩን ማን እንደሚችልም አስጽፉ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ናቸው፣ ሊፍቱ ግን አይሠራም።