ለአባዬ አንድ ዓመት ያስመለሱለት ራፖር ጸሐፊ

አዳማ የምትኖሩ፣ ወይም አዳማ ዘመድ ያላችሁ፣ መዝገብ ላይ በተበላሸ ቀን የምትንከራተቱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ፍራንኮ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ የጽህፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አባት አሉ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው የቤታችን ጉዳይ በእሳቸው እጅ ተቃንቷል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጉዳዩ የአባዬ ነው። አባዬ በ1984 ዓ.ም. ሠራዊቱን ተቀላቅሎ በ2010 በሌተና ኮሎኔልነት ጡረታ ወጣ። የአገልግሎት ማስረጃውን ይዞ የመጣበት ማታ ትዝ ይለኛል። መነጽሩን አድርጎ እያነበበ ነበር። አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመልሶ አነበበው። ከዚያ እማዬን ጠርቶ «ይሄ ቀን የኔ አይደለም» አላት። ወረቀቱ ሻምበል የሆነው ሐምሌ 1 ቀን 1992 ነው ይላል። አባዬ ሻምበል የሆነው ሐምሌ 1 ቀን 1991 ነው።

አንድ ዓመት ነው። ለሰው ስንነግር «አንድ ዓመት ምን አላት?» ይሉን ነበር። ለኛ ግን ሁለት ነገር ነበራት።

አንዱ የጡረታ አበሉ ነው። ጡረታ በወጣበት ጊዜ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 714/2003 ነበር። በዚያ አዋጅ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት፣ ለሲቪል ሠራተኛ 1.25፣ ለመከላከያና ለፖሊስ አባል ደግሞ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የአባዬ 26 ዓመት ሲሰላ 56.4 በመቶ ይመጣል። ይሄ መቶኛ በማዕረግ ቀን አይነካም። የሚነካው አማካይ ደመወዙ ነው። የሻምበልነቱ ቀን ሲገፋ ቀጣዮቹ ዕድገቶች ከዚያ እየተቆጠሩ አብረው ተገፍተዋል። ያኔ አባዬ «ወረፋ ነው» ብሎ አልፎታል። በዚህ የተነሳ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አንዱ በሻለቃ ደመወዝ ተያዘ። ኮሎኔልነቱ ያልደረሰበት ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛውን አባዬ ለማንም አይናገረውም ነበር። ሻምበልነት አብሮት የተሰጠው የልብ ጓደኛው ነበር። በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ ቀን። ጓደኛው በግንቦት 1992 ዘመቻ ተሰዋ። ማስረጃው የተጻፈበት አዲሱ መዝገብ እንደሚለው ከሆነ አባዬ ሻምበል የሆነው ጓደኛው ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ ነው። አብረው ሻምበል ሆነው የከረሙበት ዓመት በወረቀት ላይ የለም። አባዬን የሚያብሰለስለው ይሄ ነበር። ከብሩ በላይ።

ለዓመታት ብዙ በር አንኳኳን። አባዬ ራሱ አራት ገጽ ማመልከቻ ጽፎ አስገባ። የሹመት ደብዳቤው ኦሪጅናል በግንባር ጠፍቷል። በእጃችን የቀረው ፎቶ ኮፒው ብቻ ነው። እሱም ታጥፎ የኖረ ስለሆነ እጥፋቱ ልክ የዓመተ ምህረቱ የመጨረሻ ቁጥር ላይ አርፏል። 1991 ይሁን 1992 አይለይም። «የማይነበብ ነው፣ ኦሪጅናሉን አምጣ» ተብሎ ተመለሰ። በመሀል ጉዳይ አስፈጽማለሁ ያለ ሰው 15,000 ብር ተቀብሎን ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ አባዬ ፋይሉን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለውና ስለሱ ማውራት አቆመ።

ጋሼን ያገኘኋቸው ጥቅምት 2017 ላይ ነው። የሄድኩት ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ነበር። አባዬ ሳያየኝ ፋይሉን አውርጄ፣ እንዳይጠፋ ሁሉንም ላባዛው ብዬ። ያን ቀን አዳማ እንደምታውቋት ነበረች። ሙቀቱ፣ ነፋሱ፣ አቧራው። ቤቷ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ጥግ ላይ ጨርቅ የለበሰ አሮጌ ታይፕ አለ። ጋሼ ጣሪያውን የነካ የፋይል ክምር ስር ተቀምጠዋል። ልጅቷ ወረቀቶቹን ስታነሳ አንዱ ወደቀና እሳቸው እግር ስር አረፈ። አነሱት። ሊሰጡኝ ሲሉ ዓይናቸው ያዘው።

አሁን ስለ አነባበባቸው ልንገራችሁ። እኛ ሁላችን ያንን ደብዳቤ ስናነብ ቀኑ ላይ ነበር የምናፈጠው። እሳቸው ቀኑን አላዩትም። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ ከእግሩ ጀመሩ። «ግልባጭ» የሚለው ስር በጣታቸው እየሄዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ከዚያ ወደ ማኅተሙ ወጡ። ከማኅተሙ ወደ ወጪ ቁጥሩ። ቀኑ ላይ የደረሱት መጨረሻ ላይ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ወንድም አለው» አሉኝ።

አልገባኝም። ቁጭ በይ አሉኝና አስረዱኝ። ግልባጩ ላይ «ለፋይናንስ» የሚል አለ። ማዕረግ ሲጨምር ደመወዝ ይጨምራል። ደመወዝ እንዲጨምር ደግሞ ፋይናንስ ደብዳቤ ሊደርሰው ግድ ነው። ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ አንድ ቅጂ እዚያ ገብቷል። ደብዳቤው ቢጠፋ እንኳን ፔይሮሉ አለ። አባትሽ የሻምበል ደመወዝ መጀመሪያ የፈረሙበት ወር የትኛው ነው? እሱ ከተገኘ እጥፋቱ ስር ያለው ቁጥር ምን እንደሆነ መሟገት አያስፈልግም። ጋሼ ይህን የሚያውቁት ወጣትነታቸውን መዝገብ ቤት ስለጨረሱት ነው። ፋይል ሲያደራጁ፣ ገቢና ወጪ ሲመዘግቡ ነው ያረጁት።

በማግስቱ አባዬን ይዤው ሄድኩ። እሺ ያሰኘሁት በልመና ነው። ጋሼ «ኮሎኔል ይቀመጡ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁለት። ፋይሉን አንድ በአንድ አገላበጡ። መሀል ላይ አባዬ ለአንድ ሥልጠና ሲላክ የተሞላ ቅጽ አገኙ። ቅጹ ላይ ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የሻምበልነት ቀን 08/07/1999 ይላል። ጋሼ ብዕር አንስተው ሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

ይህን በደንብ ልብ በሉት፣ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። ከእኛ መስከረም 1 አንስቶ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያልቅ ድረስ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ፣ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ከእነሱ ጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ እኛ ጳጉሜ ማለቂያ ግን 8 ዓመት ነው። የፈረንጅ ጁላይ 8 የእኛ ሐምሌ 1 ነው። ወሩ ያለው በ8ቱ ጊዜ ውስጥ ነው። ከ1999 ላይ 8 ሲቀነስ 1991 ይመጣል። ከዚህ ቅጽ ወደ አዲሱ መዝገብ የገለበጠው ሰው የቀነሰው 7 ነበር። 1992 የመጣው ከዚያ ነው። ቀኑና ወሩ ልክ ሆነው ዓመቱ ብቻ የተሳሳተው ለዚህ ነው። ጋሼ እንደነገሩን የልደት ቀን፣ የቅጥር ቀን፣ የዲግሪ ቀን የተበላሸበት ሰው ወደሳቸው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ነው።

አባዬ ፓኮውን ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሆን ብሎ የጎዳው ይመስለው ነበር። አንድ የመቀነስ ስህተት ነው።

ከዚያ ጋሼ የሹመት ደብዳቤው ላይ ያለውን የስም ዝርዝር አዩና «ከእነዚህ ስሞች ውስጥ አሁን የሚገኝ ሰው ይኖራል? ለምስክር» ብለው ጠየቁ። አባዬ ተራ ቁጥር 7 ላይ ጣቱን አኖረ። የእሱ ስም 8 ላይ ነው። «ይሄ በግንቦት ተሰውቷል» አለ። ሌላ አልጨመረም። ጋሼም ገባቸው። በግንቦት 1992 የተሰዋ ሰው ስሙ ያለበት የሹመት ዝርዝር የሐምሌ 1992 ሊሆን አይችልም። ከማንኛውም ማኅተም በላይ የሚናገር ማስረጃ ነው። አባዬ አራት ገጽ ሙሉ ሲጽፍ ይህችን ብቻ መጻፍ አልቻለም ነበር።

ጋሼ ወዲያው አልጻፉም። «ኮሎኔል፣ ይህን ላስገባው ወይስ ልተወው? የርስዎ ነው» አሉት። ይህን ጥያቄ መቼም አልረሳውም። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ብሎት ይዘግበው ነበር። አባዬ ትንሽ ቆይቶ «ይግባ፣ ስሙ ይጠራ» አለ።

ሦስተኛው ማስረጃ ከእማዬ ሳጥን ወጣ። ጋሼ «በዚያ ዓመት ውስጥ ሻምበል ተብለው የተጻፈ ማንኛውም ቁራጭ ወረቀት ፈልጉ፤ የፈቃድም፣ የሕክምናም ይሁን» ብለው ነበር። እኔ የተወለድኩት ጥቅምት 24 ቀን 1992 ነው። በሰማንያ ቀኔ፣ ጥር 14፣ ክርስትና ስነሳ አባዬ ፈቃድ ተሰጥቶት መጥቷል። እማዬ ያንን የፈቃድ ወረቀት ከክርስትና ካርዴ ጋር በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ጥር 9 ቀን 1992 ተጽፎ «ለሻምበል» ብሎ ይጀምራል። ሐምሌ ላይ ሻምበል የሚሆን ሰው ጥር ላይ እንዴት ሻምበል ተባለ? ወረቀቷን ይዤ ስሮጥ ባጃጁ ራሱ አልፈጠነልኝም።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ሆነ። «ጉዳዩ፦ የማዕረግ ዕድገት ቀን የአቆጣጠር ስህተት እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ» ይላል። ውስጡ ተበደልኩ የሚል ቃል የለም። አባዬ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ጋሼ ግን በጨዋ ደንብ አስረዱት። ቅሬታ ሲሆን ፋይሉን የያዘው ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል። እርማት ሲሆን ፋይሉን ይከፍታል። በዚያ ላይ ቀኑና አበሉ በአንድ ማመልከቻ እንዳይጠየቁ አሉ። «ቀኑ ይቅደም። ቀኑ ከተቃና ብሩ በሕጉ ይሰላል። ሁለቱን ካደባለቁ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይመራዋል፣ እንደዚያ እየተመራ ዓመት ያልፋል።» ኦሪጅናል ለማንም እንዳንሰጥ፣ ለማመሳከር ብቻ እንድናሳይ፣ የገቢ ቁጥር ሳንቀበል ከቢሮ እንዳንወጣ ነገሩን። ቁጥሩን በራሳቸው ደብተርም መዘገቡት። በየወሩ እየደወሉ «ምን ደረሰ?» ይሉን ነበር። ለዚህ ሁሉ የተቀበሉት የጽህፈቱን 300 ብር ነው። ስንጨምርላቸው መለሱልን።

ግንቦት 2017 ላይ አባዬ ተጠራ። ፔይሮሉ ተገኝቷል። የሻምበል ደመወዙን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረመው በሐምሌ 1991 ነው። ፊርማው ያኔም አሁንም ያው ነው፣ ተፈትሾ ታምኖበታል። ደብዳቤው ሐምሌ 1 ቀን 1991 ተብሎ እንዲስተካከል፣ ከሱ የተቆጠሩት ዕድገቶችም አብረው እንዲታረሙ ይላል። ያንን ይዘን ሁለተኛውን ማመልከቻ፣ የአበሉን፣ ጋሼ ጽፈውልን አስገብተናል። እሱ ገና በስሌት ላይ ነው።

አባዬ የእርማቱን ደብዳቤ በተቀበለ በሳምንቱ ሁለት ኮፒ አስነሳ። አንዱን ፋይሉ ውስጥ አኖረ። ሌላውን ከሹመት ዝርዝሩ ጋር ይዞ ወደ ጓደኛው እናት ቤት ሄደ። ማንበብ አይችሉም። አባዬ አነበበላቸው፣ ከተራ ቁጥር 7 ጀምሮ። ሲመለስ እንደ ድሮው ሆኖ እራት በላ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ለርስዎ ከዚህ በላይ የምከፍለው ስለሌለኝ ለሰው እየነገርኩ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ቤቷን አሳያችኋለሁ። ለክልልና ለከተማ መሥሪያ ቤት በአፋን ኦሮሞ፣ ለፌዴራል በአማርኛ ይጽፋሉ። ስትሄዱ ያላችሁን ወረቀት በሙሉ ያዙ፤ የተቀደደውንም፣ የማይነበበውንም። ይሄ አይጠቅምም ብላችሁ ቤት አትተዉ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።