ግማሽ ግማሽ ማዘዝ የሚቻልበት የጣና ዳር ዓሣ ቤት

መጀመሪያ ስለ ምግቡ ልናገር። ዓሣው ትኩስ ነው። ጥብስ ስታዙ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ገና ሳይጠበስ በትሪ ይዘው ይመጣሉ፣ ትልቁን ወይ ትንሹን ትመርጣላችሁ፣ ዋጋውንም እዛው ትሰማላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዘይት ውስጥ የሚገባው። ጎኑ በቢላ ስለሚሰነጠቅ እስከ አጥንቱ ድረስ በደንብ ይበስላል፣ ጭራው ደግሞ ከነአጥንቱ የሚቆረጠም ነው። ዳጣው ያቃጥላል፣ ደስ በሚል መልኩ። ወንበሮቹ ዛፍ ሥር ናቸው፣ ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል። ባሕር ዳር ለምሳ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ይሄን ሁሉ ግን ሌላ ቤትም ታገኙታላችሁ። ይህንን ቤት የወደድኩት ግማሽ ስለሚሸጥ ነው። ለብለብ 360 ብር ነው፣ ግማሹ 180። ዱለት 300 ነው፣ ግማሹ 150። ግማሽ ስላዘዛችሁ ፊት የሚያጠቁርባችሁ አስተናጋጅ የለም፣ ሳህኑም በእውነት ግማሽ ነው።

ማይክሮኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሁሌ የሚከራከሩኝ አንድ ነገር አለ። ሸማች ከዚህኛው ትንሽ እየቀነሰ፣ ከዚያኛው ትንሽ እየጨመረ፣ በያዘው ብር ሊያገኝ የሚችለውን ከፍተኛ እርካታ ያገኛል ስላቸው፣ «የትኛው ምግብ ቤት ውስጥ ነው ትንሽ የሚጨመረው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አብዛኛው ቤት ወይ ሙሉ ሳህን ነው ወይ ምንም። የመጽሐፉ ሸማች የሚሠራውን ሥራ እንድትሠሩ የሚፈቅድላችሁ ግማሽ ሲኖር ነው።

እኔና ጓደኛዬ ያደረግነውን ላሳያችሁ። ለምግብ 700 ብር መድበናል። እሱ መጀመሪያ ያሰበው ሙሉ ለብለብና ሙሉ ዱለት ነበር፣ አንድ ላይ 660። ግን አስቡት፣ የለብለቡ የመጀመሪያ ግማሽ ከነእሳቱ ይበላል፣ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ስትደርሱ ቀዝቅዟል፣ አፋችሁም ለምዶታል። ዱለቱም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ሁለተኛውን ግማሽ ተውነው። 330 ብር ተረፈ፣ 20 ብር ጨመርንበትና 350 ብር የሚያወጣ ትንሽ ቆሮሶ አስጠበስን። ጠቅላላ 680። በዚያው በጀት ውስጥ ሦስት ዓይነት ምግብ፣ ሁሉም እስኪያልቅ ድረስ በፍላጎት የተበላ።

ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ጸሐፊ ሄርማን ጎሰን እ.ኤ.አ. በ1854 የጻፈው ይሄንኑ ነው። አንድን ነገር እየደጋገምን ስንጠቀመው የሚጨምርልን እርካታ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ገንዘባችንን የምንደለድለው የመጨረሻዋ ብር የትኛውም ምግብ ላይ ብትውል እኩል እርካታ እስክትሰጠን ድረስ ነው። እርካታን በቁጥር መለካትም አያስፈልግም። ኢኮኖሚስቶቹ ሂክስና አለን እ.ኤ.አ. በ1934 እንዳሳዩት፣ «ይሄ ከዚያ ይሻለኛል» ማለት ከቻልን ይበቃል። ጓደኛዬ ለምን ዱለት እንደሚያስበልጥ ሊያስረዳኝ አይጠበቅበትም። ያስበልጣል፣ አለቀ።

ሎሚ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ለአንድ ሙሉ ጥብስ የሚያመጡት ግማሽ ሎሚ ነው፣ ሲጨመር ያስከፍላሉ። ጥብስና ሎሚ አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ ሎሚው ካለቀ የቀረው ዓሣ ግማሽ ጣዕሙን ያጣል። ሲጀመር አንድ ሙሉ ሎሚ አምጥታችሁ ዋጋውን ጥብሱ ላይ ብትደምሩት ይሻላል።

ረቡዕ ወይ ዓርብ የምትሄዱ ጾመኞች አትስጉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላመጣውም፣ በጾም ቀን አብሮኝ የነበረው ሰው ግን የማይበላ ነው። ለእሱ የዓሣው ዋጋ ግማሽ ቢሆንም፣ በነጻ ቢሰጡትም ምርጫው አይለወጥም። ዋጋ የሚያንቀሳቅሰው ሽሮና በያይነቱ መካከል ሲመርጥ ብቻ ነው። አስተናጋጇን «እህቴ፣ ሽሮው ለብቻው ነው የሚሠራው?» አላት። «አዎ ጋሼ፣ ድስቱም ማማሰያውም ለብቻ ነው» አለችው፣ ከፈለገም ገብቶ ማየት እንደሚችል ነገረችው። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ፣ ጥሩ ሽሮ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። እሑድ ግማሽ የለም። ጥብስ፣ ለብለብ፣ ዱለትና ጉላሽ አንድ ትሪ ላይ ተደርድሮ 1,400 ብር፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱ ካልፈለጋችሁ ተዉት። ሰው ስለሚበዛ ማእድ ቤቱ አይችልም ይላሉ፣ ገባኝ፣ እሑድ ከሰዓት ያንን ቤት ያየ ሰው ይረዳቸዋል። ነገር ግን ከየጠረጴዛው ጉላሹ ሳይነካ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከኋላችን የተቀመጡት ቤተሰቦች ጥብሱን ተሻምተው ጨርሰው ልጆቹ ሌላ ቢጠይቁም ለብቻው አይሸጥም ተባሉ። ለማይፈልጉት ጉላሽ ከፍለው የፈለጉትን ጥብስ አጡ።

ትሪው ባለቤቶቹንም ይጎዳል። ኢኮኖሚስቱ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ያነሳው ሐሳብ አለ፦ ሰው ሁለቱንም መግዛት እየቻለ አንዱን ሲመርጥ የሚወደውን በድርጊቱ ይነግራችኋል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደንበኛው በየግማሹ ትእዛዝ ይነግራቸዋል። እሑድ ሁሉም ያንኑ ትሪ ስለሚገዛ ደብተራቸው ላይ ጉላሽ ከጥብስ እኩል የተሸጠ ይመስላል።

ባለቤቶች፣ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ትሪውን አታስቀሩት፣ የሚወደው ሰው አለና። ጥብስና ዱለት ብቻ እሑድም በግማሽና ለየብቻ ይሸጡ። ሥራ ከበዛባችሁ የእሑዱን ግማሽ ዱለት ከ150 ወደ 180 ከፍ አድርጉት፣ እኔ እከፍላለሁ፣ ከኋላችን የነበሩት ቤተሰቦችም የሚከፍሉ ይመስለኛል።