ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ

ለእናቴ ግቢ የድንጋይ አጥር ለሠሩልን ጋሼ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ክረምቱ አለፈ። ትናንት እናቴ ደውላ «ለሰውየው የምትጽፊውን ጻፍሽ ወይ?» ስትለኝ አፈርኩ።

እናቴ የምትኖረው መናገሻ ሱባ ደን ጥግ ነው። አያቴ ያሠሩት የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፤ መሬቱ በደርግ ጊዜ ሲወሰድ ቤቱና ግቢው ቀረልን። ግቢው ውስጥ ትልልቅ ጽዶች፣ ወይራዎችና አንድ ያረጀ ኮሶ አለ። ደኑ በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። አባቴ ይህን ሳይተርክ እንግዳ ቡና ጠጥቶ አይሄድም ነበር። ማለዳ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የምኒልክ ድኩላዎች በጓሮ ሲያልፉ ያይ ነበር። ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ሴቷ ቀላ ያለች። ከአገራችን ደጋ ሌላ የትም የሉም።

አባቴ ካረፈ በኋላ ከብት ግቢውን ወረረው። የተከልነው ችግኝ ሁሉ ተጋጠ። እናቴ ከእረኛ ጋር ስትጨቃጨቅ መዋሏ አሳዘነኝና አጥር ላሳጥር ተነሳሁ።

ያኔ ፍዳዬ ጀመረ። የመጀመሪያው ሰው ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛው በብሎኬት አጠረ፤ ክረምት ሲገባ ከዳገቱ የወረደው ጎርፍ መውጫ አጥቶ አጥሩን ይዞት ሄደ። ሦስተኛው እሾሃማ ሽቦ ወጠረ፣ ሙሉ ገንዘቡን ወሰደ፣ ቁርጥራጩን ሣር ውስጥ በትኖ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት እናቴ የሚጮህ ነገር ሰማች። ውሻ መስሏት ነበር። ሲነጋ አንዲት እርጉዝ ድኩላ ሽቦው ላይ ተይዛ ሞታ አገኘቻት። ለሰውየው ስደውልለት «ታዲያ አጥር አይደል ያላችሁኝ?» አለኝ። ይህን ንግግር አልረሳውም። እናቴ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋችው።

ጋሼን ያገኘናቸው በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው፤ የቅጥሩን ካብ የጠገኑት እሳቸው ናቸው። ሲመጡ ሜትር አላወጡም፣ ዋጋም አልጠሩም። እናቴን «እትዬ፣ አውሬው በየት በየት ነው የሚያልፈው?» ብለው ጠየቋት። ሁለት ቀን ጎህ ሲቀድ እየመጡ ዙሪያውን ዞሩ። ኮቴ ያዩበት ቦታ ሁሉ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ሰኩ።

ከዚያ ያደረጉትን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። ካቡን ከመጀመራቸው በፊት የማዳበሪያ ጆንያ ይዘው፣ ተንበርክከው፣ ያንን የተበተነ ሽቦ ከሣሩ ውስጥ ለቀሙ። ቀኑን ሙሉ። ጣታቸው ደማ። አንዱ ቁራጭ ላይ ቀይ ጸጉር ተጣብቆ ነበር። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ጸጉሩን ነጥለው ኪሳቸው ከተቱት። እናቴ እንዳታየው ነው። ሂሳብ ስንተሳሰብ የዚያን ቀን ልክፈል ብል «እሱማ ሥራ አይደለም» ብለው እምቢ አሉኝ።

አጥሩ እንዴት እንደተሠራ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ስሚንቶ የለበትም። ድንጋዩ ከጎረቤት ማሳ የተለቀመ ነው፤ ገበሬዎቹም ማሳቸው ስለጸዳላቸው ደስ አላቸው። ቁመቱ እስከ ወገብ ነው፤ ላም አትዘለውም፣ ድኩላ ይዘለዋል። ከሥሩ ለጎርፍም ለጃርትም የሚበቃ ቀዳዳ አለው። ድኩላዎቹ በሚመላለሱበት ቦታ ካቡ ዝቅ ብሎ ከላይ የባሕር ዛፍ አጣና ተጋድሟል። ሽቦ በጨለማ አይታያቸውም፣ እንጨት ግን ይታያቸዋል ብለውኛል። ፍየል አልፎ አልፎ ትገባለች፤ ይህንንም ገና ሳይጀምሩ ነግረውናል። አላታለሉንም።

ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ ካቡ ንቅንቅ አላለም። ትናንት እናቴ ስትደውል ደግሞ «መጡ» አለችኝ። እነማን ስላት «ከነግልገላቸው!» ብላ ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

ደን ዳር፣ ፓርክ ዳር ያላችሁ፣ የድሮ ግቢ የወረሳችሁ፣ ሎጅ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት እኚህን ሰው አናግሩ። ደግሜ እላለሁ፣ አናግሯቸው። ስልካቸው አደባባይ ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የበጋው ሥራ ሳይሞላባቸው ቶሎ በሉ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። እናቴ መስኮቱን ከፍታዋለች።