ላዳ ያላችሁ፣ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለውን የታይሚንግ ካቴና እንዳትገዙ

ጀማው፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የድሮ ላዳ ይዛችሁ ሞተር ልታሳድሱ ያሰባችሁ፣ መለዋወጫ ሳትገዙ በፊት ይቺን አንብቡ።

ሰሞኑን «ለሁሉም ላዳ ይሆናል» እየተባለ የሚሸጥ የታይሚንግ ካቴና አለ፤ ክራንኩን (የሞተሩን የታችኛውን ዘንግ) ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው የላይኛው ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት ማለት ነው። ውሸት ነው። የ1200ው ሞተር ካቴና 114 ቀለበት ነው፤ የ1500ውና የ1600ው ብሎክ ከፍ ስለሚል 116 ነው። 2105 በሚባለው ሞዴል ላይ የመጣው 1300 ሞተርማ ጭራሽ ካቴና የለውም፣ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው የሚሠራው።

የኔ 1200 ነው፣ የተሸጠልኝ 116። ጋራዡ ደግሞ ቆጥሮ መመለስ ሲገባው የካቴናውን መወጠሪያ እስከ መጨረሻው ገፍቶ የፊቱን ክዳን ዘጋበት። መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ከፊት በኩል ቆርቆሮ የሚፈጭ ይመስላል። የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ እግሬን ከነዳጅ ባነሳሁ ቁጥር ይብስበታል። ስጠይቅ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሄድ ይለምዳል» ተባልኩ። ካቴና አይለምድም! እየሠራ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ሌላ መካኒክ ክዳኑን ሲከፍተው ውስጡ ላይ ካቴናው የፋቀው ሁለት ትይዩ መስመር ያብረቀርቃል፣ ካቴናውን የሚደግፈው ፕላስቲክ ጫፉ ተሰብሮ ኮፓ (ከታች ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ወድቋል፣ ዘይቱ የአልሙኒየም ብናኝ ይዟል። አዲስ ኩሽኔታ የገባለት ሞተር ነው እንግዲህ ይህን ዘይት ሲጠጣ የከረመው።

«ክዳኑን ትንሽ እንሞርድለት» የሚል ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ። ችግሩ ያለው ካቴናው ላይ ነው፣ ክዳኑን ማሳሳት ሌላ ጣጣ ነው።

ካቴና ስትገዙ አንዱን ቀለበት በቀለም ምልክት አድርጉና ሱቁ ውስጥ ቁጠሩ። ከአሮጌው ጋር በርዝመት ማስተያየት አያዋጣም፣ አሮጌው ተለጥጧል። ካቴናው የሚዞርባቸውን ጥርሶችም አብራችሁ ቀይሩ፤ ያለቀ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ሬክቲፊካ ቤት ከተላገ ደግሞ ካምሻፍቱ ወደ ክራንኩ ስለሚቀርብ ትክክለኛው ካቴና እንኳ ትንሽ ይላላል፣ ታይሚንጉም ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደተላገ ሳትጠይቁ አትውጡ። ከታች፣ ክራንኩ ጥርስ አጠገብ፣ ካቴናው እንዳይወልቅ የሚከለክል ትንሽ ቡሎን አለ። ሞተር ሲገጠም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ክዳኑ ሲዘጋ እዚያው ቁሙ። የመወጠሪያው ዳዶ ይላላ፣ ክራንኩ በቁልፍ ሁለት ዙር ያህል ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ይዙር፣ ከዚያ ዳዶው ይጥበቅ። ካቴናው የትም እንደማይነካ በዓይናችሁ እዩ።

ደረሰኙ ላይ «ካቴና» ብቻ ተብሎ አይጻፍላችሁ፤ «114 ቀለበት፣ ለላዳ 1200» ይባል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢሏችሁም የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየርላችሁ ወይም ብራችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፣ ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን በምን ታስረዳላችሁ? ደረሰኙን እንዲህ አድርጎ ለመጻፍ የሚያንገራግር ሻጭ ካለ ትታችሁት ውጡ።