ቴክ ላይቭን ነቅሎ ለተከለልኝ ወንድሜ

ይህን የምጽፈው የማስተርስ ጽሁፌን ስላተረፈልኝ ልጅ ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችው። ስሙን እዚህ ለመለጠፍ አላስፈቀድኩትም። ምስጋናዬ ግን በአደባባይ ይሁን ብያለሁ።

የሒሳብ ተማሪ ነኝ። ጽሁፌን የምሠራው በላቴክ ነው፣ ጽሁፍና ቀመር በትዕዛዝ ተጽፎ ገጽ በሚሠራበት ፕሮግራም፤ ቀመር ለበዛበት ሥራ ከሱ የሚሻል አላገኘሁም። ላፕቶፔ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በኡቡንቱ ነው። መጀመሪያ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠችኝን ቴክ ላይቭ፣ ማለትም ላቴክን ከነመሣሪያዎቹ የያዘውን ጥቅል ጫንኩ። ከወራት በኋላ ሌላ መመሪያ አይቼ ሙሉውን በአፕት፣ በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ፣ ደግሜ አወረድኩ። ሙሉው ሲጫን ዲስክ ላይ ከ5 ጊጋባይት በላይ ይይዛል፤ ለማውረድ ስንት የኢንተርኔት ፓኬጅ እንደበላብኝም እኔ ነኝ የማውቀው። ዲስኩ ሞላ፣ አዲሱም አልሠራ አለ። ማስረከቢያዬ 10 ቀን ቀርቶታል። አንድ ቤት ብወስደው «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ።

ይሄ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጽሁፍሽ ሌላ ቦታ አለ?» ብሎ ነው። የለም ስለው ፍላሽ አውጥቶ ገለበጠልኝ። ከዚያ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቶ አንዲት መስመር ጻፈ፤ ዚላቴክ፣ ማለትም ጽሁፌን ወደ ገጽ የሚቀይረው የላቴክ ፕሮግራም፣ የት የት እንዳለ የምትጠይቅ። ሁለት አድራሻ መጣ። «አየሽ እህቴ፣ ሁለት ቤት ነው የሠራሽው። የምትገቢው ግን ሁሌ በአሮጌው በር ነው» አለኝ። ወራት ያደናገረኝ ነገር ያኔ ገባኝ።

አፕት የጫነውን ራሱ አፕት ነው የሚያነሳው። «ሪሙቭ» ቢሉት የማስተካከያ ፋይሎቹን ትቶ ይሄዳል፣ «ፐርጅ» ግን እነሱንም ይጠርጋል። እሱንም ቢሆን ዝም ብሎ አላዘዘም። መጀመሪያ ምን ምን እንደሚጠፋ ብቻ በሚያሳየው መንገድ አሂዶ ዝርዝሩን አብረን አየን። ቀጥሎ «ኦቶሪሙቭ» አለና ተከትለው የገቡትን አስወጣ።

በፍላሽ የመጣውን አፕት አያውቀውም። ዓመቱን በስሙ የያዘ ፎልደር ስለሆነ በእጅ ነው የሚሰረዘው። እዚህ ላይ ልጁ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። የ«አርኤም»ን (የመሰረዣ ትዕዛዙን) መስመር ጮክ ብዬ እንዳነብለት አደረገኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። «እዚህ ቅርጫት የለም። አንዲት ስፔስ ቦታዋን ከሳተች ሌላ ፎልደር ይዞ ይሄዳል» አለ። ካነበብኩ በኋላ ነው ኢንተር የተጫነው። የድሮውን አድራሻ ከባሽ ፋይሉ፣ ተርሚናሉ ሲከፈት ከሚያነበው ማስተካከያ ላይም አነሳው፤ ያ ቢቀር ተርሚናሉ የሌለ ቤት ሲፈልግ ይኖር ነበር።

ሲመልሰው ሙሉውን አልጫነም። መሠረቱን፣ የሒሳቡንና የዚቴክን (ዚላቴክ ያለበትን) ጥቅል ብቻ ነው ያስገባው፤ ለኔ በቂ ነው። የምስጋና ገጼን በአማርኛ ስጽፍ ባዶ ሆኖ እየወጣ ያስቸግረኝ እንደነበር ነገርኩት። «ፊደሉን የሚያውቅ ፎንት አልሰጠሽውም» ብሎ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት አስገባና የጽሁፌ ፋይል መጀመሪያ ላይ ሁለት የትዕዛዝ መስመር ጨመረ። ገጹ ሲወጣ የእናቴ ስም በፊደላችን ጥርት ብሎ ተቀምጧል። እዛው ዓይኔ እንባ ሞላ።

ያስከፈለኝ ከጠበቅኩት በታች ነው። የተጠቀመባቸውን ትዕዛዞችም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፣ «ሌላ ጊዜ ራስሽ ትሠሪዋለሽ» ብሎ። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ላቴክ ላስቸገራችሁ፣ ዲስካችሁ ለሞላ፣ ፎርማት ለተባላችሁ ሁሉ ከልቤ እጠቁመዋለሁ። ቦታውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስትሄዱ ቻርጀር ያዙ፣ ጽሁፋችሁንም ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።